ማመልከቻ ከመጻፉ በፊት ፍርድ ቤቱን የሚያጣራ ቢሮ፦ በድሬዳዋ ያገኘነው የጉዲፈቻ ጉዳይ የጥብቅና አገልግሎት

ለጉዲፈቻ ጉዳይ ጠበቃ ለመያዝ የሚያስቡ የድሬዳዋና የሐረር ነዋሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ክፍያውንና ጉዳዩ የሚፈጀውን ጊዜ ነው። ቤተሰባችን ከተገለገለበት ቢሮ ተነሥቼ ስመዝነው ግን፣ ከሁለቱም አስቀድሞ መነሣት ያለበት ጥያቄ ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን ያለው የትኛው ፍርድ ቤት ነው የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ እኛ ሳንጠይቅ ያነሡልን ከዚራ ውስጥ በአንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከረዳቶቻቸው ጋር የሚሠሩ አንዲት ጠበቃ ናቸው። ከምስጋናው ጎን ቅሬታም ስለምጽፍ የቢሮውን ስም አልጠቅስም፤ አሠራሩን ግን በተቻለኝ መጠን በዝርዝር አቀርባለሁ።

ጉዳዩ የወንድሜና የባለቤቱ ነው። የሁለቱም ሥራና መኖሪያ ሐረር ነው። በጉዲፈቻ ሊወስዷት የፈለጉት የ11 ዓመት ልጅ የባለቤቱ ሟች እኅት ልጅ ስትሆን፣ እናቷ ካረፈች ወዲህ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ ከአያቷ ጋር ትኖራለች። አባቷ በሕይወት አለ፤ እሱም የድሬዳዋ ነዋሪ ቢሆንም በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ስለሚያሽከረክር ከቤቱ ይልቅ መንገድ ላይ የሚያሳልፈው ጊዜ ይበዛል። በቤተሰቡ መካከል ምንም ክርክር አልነበረም። አባትየው ፈቃደኛ ነበር፤ አያትየዋም ዕድሜያቸው እየገፋ መሄዱን አይተው ሐሳቡን መጀመሪያ ያነሡት ራሳቸው ናቸው።

ወደ ቢሮው ስንሄድ አንድ ራፖር ጸሐፊ ያዘጋጀው ማመልከቻ በእጃችን ነበር። ጠበቃዋ ወረቀቱን ተቀብለው ካነበቡ በኋላ ሁለት ቦታ ላይ በእስክርቢቶ አሰመሩ። የመጀመሪያው መስመር ያረፈው ከላይ በተጻፈው አድራሻ ላይ ነው፤ ማመልከቻው የተጻፈው ለከተማ ነክ ፍርድ ቤት፣ ማለትም ለከተማው አስተዳደር ፍርድ ቤት ነበር። ሁለተኛው ያረፈው መሐል ላይ ባለ አንድ አንቀጽ ላይ ሲሆን፣ አንቀጹ ጉዲፈቻ አድራጊው የውጭ አገር ዜጋ በሚሆንበት ጊዜ ሊሟሉ ስለሚገባቸው ሁኔታዎች የሚናገር ነበር። ወንድሜም ባለቤቱም ሐረር ተወልደው ያደጉ ሰዎች ናቸው። «ይህ የተቀዳው ከድሮ ፎርም ነው» አሉ ጠበቃዋ፤ የውጭ አገር ዜጎች የኢትዮጵያ ልጆችን በጉዲፈቻ እንዲወስዱ ይፈቅድ የነበረው ድንጋጌ በአዋጅ ቁጥር 1070/2010 ከቤተሰብ ሕጉ እንዲወጣ መደረጉንም አስረዱን። አንድ ጸሐፊ ከ2010 ዓ.ም. በፊት የነበረን ፎርም ስሙን ብቻ እየቀየረ የሚሸጥ ከሆነ፣ ባለጉዳዩ የሚከፍለው ለወረቀቱ እንጂ ለሙያው እንዳልሆነ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም።

የአድራሻው ስሕተት ግን ከአንቀጹ የከበደ ነበር፤ የቢሮው ብልጫም የታየው በዚህ ላይ ነው። ሐረርና ድሬዳዋ በመንገድ የሚራራቁት ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ደንገጎን ወጥቶ ሐረማያንና አወዳይን ማለፍ ብቻ ነው። በሕግ ግን ሁለቱ ከተሞች የሚተዳደሩት በተለያየ ሥርዓት ነው። ሕገ መንግሥቱ ለፌዴራሉ መንግሥት ተለይቶ ያልተሰጠን ሥልጣን ለክልሎች የሚተው በመሆኑ የቤተሰብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን የክልሎች ነው፤ በዚህም ምክንያት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ተፈጻሚ የሚሆነው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ እንጂ በሐረር አይደለም። የሐረሪ ሕዝብ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግና የራሱ ፍርድ ቤቶች አሉት። ድሬዳዋ በአንጻሩ ክልል አይደለችም፤ በአዋጅ ቁጥር 416/1996 የወጣ ቻርተር ያላት፣ ተጠሪነቷም ለፌዴራሉ መንግሥት የሆነ ከተማ ናት። ስለሆነም በአንድ ከተማ ውስጥ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ የከተማው አስተዳደር ፍርድ ቤትና የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ ባለጉዳዩም አብዛኛውን ጊዜ የሚያንኳኳው የሚያውቀውን በር ነው።

የድሬዳዋ ሰው አዘውትሮ የሚያውቀው ደግሞ የከተማ ነክ ፍርድ ቤቱን ነው፤ የወራሽነት የምስክር ወረቀትና መሰል ማስረጃ የሚፈልግ ሁሉ የሚሄደው ወደዚያ በመሆኑ፣ ጉዲፈቻውም እዚያው የሚያልቅ ይመስለዋል። ጠበቃዋ ያስረዱን የከተማው ፍርድ ቤቶች ሥልጣን በቻርተሩ በተዘረዘሩት ጉዳዮች የተወሰነ መሆኑን፣ በልጅና በአሳዳጊ መካከል አዲስ የወላጅነት ግንኙነት የሚፈጥረውን የጉዲፈቻ ስምምነት ማጽደቅ ግን የወራሽነት ማስረጃ ከመስጠት ጋር የሚመሳሰል ሥራ አለመሆኑን ነው። በእሳቸው አስተያየት ድሬዳዋ ላይ ጉዳዩ የሚቀርበው ለፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያነሡት ጥያቄ የበለጠ ያስገረመኝ ነው። ጉዲፈቻ አድራጊዎቹ የሐረር ነዋሪዎች ከሆኑ፣ ለምን ሐረር አይከፈትም? እዚህ ላይ መልሱን በአንድ ቃል አልሰጡም። በአንድ በኩል የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ቋሚ ነዋሪነታቸው በተለያዩ ክልሎች በሆኑ ሰዎች መካከል የሚነሣን ክርክር ለፌዴራል ፍርድ ቤት የሰጠው ቢሆንም፣ ሁሉም ወገን ተስማምቶ የሚያቀርበው የጉዲፈቻ ማመልከቻ ክርክር ሊባል ይችላል ወይ የሚል ጥያቄ እንደሚያስነሣ ነገሩን። ስለዚህ በዚህ ምክንያት ብቻ መደገፍን አልመረጡም። ጠንካራ አድርገው የወሰዱት መነሻ ልጅቷ የምትኖረው ድሬዳዋ መሆኑን፣ ፈቃድ የሚሰጠው አባት የድሬዳዋ ነዋሪ መሆኑን፣ ስምምነቱም የሚፈረመው እዚሁ መሆኑን ነው። ፍርድ ቤቱ ሊመረምር የሚገባው የልጅቷን ኑሮ ስለሆነ፣ እሷን በቅርብ ሊያገኛት የሚችለው ፍርድ ቤት የተሻለ ነው የሚል ነበር አቋማቸው። እኔም ከሁሉም ያሳመነኝ ይኸኛው ነው።

ሐረር ላይ ስላለው አሠራርም ጠይቄ ነበር፤ የሐረር አንባቢዎችን የሚጠቅም ስለሆነ የተረዳሁትን እጽፋለሁ። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአዋጅ ቁጥር 322/1995 እንዲቋቋምባቸው ከተደረጉት ክልሎች መካከል ሐረሪ የለም። እንዲህ ባሉ ክልሎች ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 80 የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ለክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደግሞ ለክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በውክልና ይሰጣል። እንግዲህ ልጁም አሳዳጊዎቹም ወላጆቹም የሐረር ነዋሪዎች ከሆኑ ጉዳዩ የክልል ጉዳይ ነው፤ በክልሉ የቤተሰብ ሕግ መሠረት ለክልሉ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ጉዳዩ የፌዴራል ጉዳይ ከሆነ ግን ያው የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በውክልና ሥልጣኑ ያየዋል። ባለጉዳዩ የሚገባበት በርና የሚያያቸው ዳኞች ላይለያዩ ይችላሉ፤ የሚለያየው ተፈጻሚ የሚሆነው ሕግና ይግባኙ የሚሄድበት መንገድ ነው። ይህን ልዩነት በማመልከቻው የመጀመሪያ ገጽ ላይ በግልጽ ማስፈር የጠበቃ ሥራ እንጂ የባለጉዳይ ሥራ አይደለም።

አንዳንዱ ሰው «ዋናው ውሳኔ ማግኘት ነው፤ ፍርድ ቤቱ ይህም ሆነ ያ ምን ለውጥ ያመጣል?» ሊል ይችላል፤ አባትየውም ያለው ይህንኑ ነው። የጠበቃዋ መልስ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ላይ የተመሠረተ ነበር። በሕጉ አንቀጽ 10 መሠረት ከአካባቢ ሥልጣን ጋር የተያያዘ ተቃውሞ በጊዜው ካልተነሣ ይታለፋል፤ ድሬዳዋ መከፈት የነበረበት መዝገብ ሌላ ከተማ ባለ ተመሳሳይ ፍርድ ቤት ተከፍቶ ቢገኝ ነገሩ ያን ያህል አያሰጋም። የሥረ ነገር ሥልጣን፣ ማለትም ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለውን የጉዳይ ዓይነት ለማየት ያለው ሥልጣን ግን ሌላ ነው። በአንቀጽ 9 መሠረት ማንም ባይቃወም እንኳ ፍርድ ቤቱ ራሱ ሥልጣን እንደሌለው በተረዳ ጊዜ መዝገቡን ሊዘጋው ይገባል። ከሁሉም የሚያሳስበው ደግሞ ስሕተቱ በዕለቱ ሳይታይ የሚቀርበት ሁኔታ ነው። አሳዳጊው ሞቶ ውርስ ሲከፈት፣ የጉዲፈቻ ልጅን ወራሽነት የማይወድ ዘመድ መጀመሪያ የሚያስመረምረው ያንን አሮጌ ውሳኔ ነው። ጠበቃዋ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ነገር ግን አባትየው ከዚያ በኋላ ስለ ጥድፊያ አላነሣም።

ቢሮው ለሁሉም ባለጉዳይ የሚያቀርበው ሌላ ጥያቄ ሃይማኖትን ይመለከታል። መጀመሪያ ስሰማው አላስፈላጊ መስሎኝ ነበር፤ ምክንያቱ ግን ተገቢ ነው። በድሬዳዋና በሐረር ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች የቤተሰብ ጉዳያቸውን ለሸሪዓ ፍርድ ቤት ያቀርባሉ፤ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992 እነዚህ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን የሚኖራቸው ተከራካሪዎቹ ፈቃዳቸውን ሲገልጹ መሆኑን ይደነግጋል። የሞግዚትነት ጉዳይ በእነዚህ ፍርድ ቤቶች ሊታይ የሚችል ነው። ነገር ግን በእስልምና ሕግ የሰውን ልጅ ማሳደግ የሚመሰገን ተግባር ሆኖ ሳለ የልጁን የዘር ሐረግ ወደ አሳዳጊው ማዞር ስለማይፈቀድ፣ በዚያ በኩል የሚገኘው ከፋላ ወይም ሞግዚትነት እንጂ አዋጅ ቁጥር 213/1992 የሚያውቀው ጉዲፈቻ አይሆንም። ስለዚህ ጠበቃዋ የሚጠይቁት ቤተሰቡ የሚፈልገው ልጁን ማሳደግ ነው ወይስ በሕግ ልጅ ማድረግ የሚለውን ለመለየት ነው። ሞግዚትነት ለሚበቃው ቤተሰብ የጉዲፈቻ መዝገብ አይከፍቱም፤ ክፍያ የሚያስቀርባቸው ቢሆንም ማለት ነው። ይህ ጠባይ በሙያው ውስጥ ሁልጊዜ የሚገኝ አይደለም።

ስለ ሕጉ ይዘት የሰጡን ማብራሪያ አጭርና በቂ ነበር። አሳዳጊ ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው ሊሆን ይገባል፤ ባልና ሚስት በአንድነት ሲያሳድጉ ግን ከሁለቱ አንዳቸው ይህን ዕድሜ መድረሳቸው ይበቃል። ልጁ ከ18 ዓመት በታች መሆን አለበት። በሕይወት ያሉና የሚታወቁ ወላጆች ፈቃድ ያስፈልጋል። በአንቀጽ 194 መሠረት ደግሞ ስምምነቱ በፍርድ ቤት ካልጸደቀ በቀር ምንም ውጤት የለውም፤ ፍርድ ቤቱም ከማጽደቁ በፊት ጉዲፈቻው ለልጁ ደኅንነትና ጥቅም መሆኑን ማረጋገጥ፣ የልጁን አስተያየት መስማትና የአሳዳጊውን አቅም መመዘን አለበት። በሐረርጌ ገጠር በሽማግሌ ፊት በባህል የሚደረግ ጉዲፈቻ ከጥንት ጀምሮ ያለና የተከበረ ሥርዓት ነው፤ ሆኖም በሕግ ፊት ውጤት እንዲኖረው ለሚፈልግ ሰው የሽማግሌዎቹ ምርቃት ብቻውን አይበቃም።

በዚህ ሁሉ መሐል በደንብ የማስታውሰው ከአያትየዋ ጋር የተደረገውን ንግግር ነው። አያትየዋ ፎቁን መውጣት ስላልቻሉ ጠበቃዋ ራሳቸው ወርደው በሕንፃው በረንዳ ላይ፣ ከአንዲት ሻይ ሻጭ በተዋሱት ዱካ ላይ ተቀመጡ። አያትየዋ በኦሮምኛ ይበልጥ ስለሚቀናቸው የተነጋገሩት በኦሮምኛ ነው። የአያትየዋ ስጋት ልጅቷ ወደ ሐረር ከሄደች በኋላ የእሳቸው የልጅ ልጅ መሆኗ በወረቀት ይቀር እንደሆነ ነበር። ጠበቃዋ «እማማ፣ ሕጉ የእርስዎን ደም አይቆርጠውም» አሏቸው፤ ከዚያም የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥ፣ በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል መምረጥ ግድ በሚሆንበት ጊዜ ግን ሕጉ ለአሳዳጊው ቤተሰብ ቅድሚያ እንደሚሰጥ ሳይደብቁ ነገሯቸው። ሁለተኛውን ባይነግሯቸው ኖሮ አያትየዋ ቶሎ ይደሰቱ ነበር፤ ጠበቃዋ ግን ነገሯቸው፤ ደግመውም አስረዷቸው። ጉዲፈቻ በማንኛውም ምክንያት የሚፈርስ እንዳልሆነ፣ አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ሲይዘው ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ አያያዝ ሲያኖረው ግን ፍርድ ቤት ሊያፈርሰው እንደሚችል፣ አቤቱታውንም ልጁ ራሱ ወይም ሌላ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ሊያቀርብ እንደሚችል ጭምር ነገሯቸው። አያትየዋ ይህን ሲሰሙ ወንድሜን በዓይናቸው ፈለጉት።

ማመልከቻው ራሱ በጥንቃቄ የተጻፈ ነበር። ሥልጣንን የሚመለከተው ክፍል ከፍሬ ነገሩ አስቀድሞ ለብቻው ተቀምጧል፤ የሁሉም ወገኖች አድራሻ በቀበሌ መታወቂያ ተደግፏል፤ የልጅቷ ድሬዳዋ መኖርም በትምህርት ቤት ማስረጃ ተረጋግጧል። ከፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች መካከል በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የተሰጠው ተጠቅሷል፤ ይህ ውሳኔ የሕፃናትን ጥቅም በሚመለከተው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ የተመሠረተና ስለ ሞግዚትነት የተሰጠ ሲሆን፣ የሰበር የሕግ ትርጉም በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት በየትኛውም ደረጃ ያሉ ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድድ በመሆኑ ለማመልከቻው ክብደት ጨምሮለታል። ጠበቃዋ የጠቀሱት ይህን አንድ መዝገብ ብቻ ነው፤ ገጽ ለማብዛት ሲባል የተደረደረ ቁጥር አላየሁም።

ቅሬታዬ የሚጀምረው መዝገቡ ከተከፈተ በኋላ ነው። ጠበቃዋ በአካል ባሉበት ጊዜ አገልግሎቱ እንከን የለውም፤ እሳቸው ሌላ ችሎት ላይ ሲሆኑ ግን ቢሮው እንደ ተዘጋ ያህል ነው። አንድ ቀጠሮ መቀየሩን ረዳቱ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ያውቅ ነበር፤ ስልክ ስላልደወለ ወንድሜና ባለቤቱ ከሥራቸው ፈቃድ ወስደው በማለዳ ደንገጎን ወርደው መጡ፤ ወዲያውም ተመለሱ። አባትየው ደግሞ ለዚያ ቀን ብሎ አንድ የጅቡቲ ጭነት ለጓደኛው አሳልፎ ሰጥቶ ነበር። ረዳቱ ይቅርታ የጠየቀው በሚቀጥለው ሳምንት ነው፣ ያውም ስንነግረው። ለሹፌር የአንድ ጉዞ ገቢ ትንሽ ነገር እንዳልሆነ ቢሮው ሊያስብበት ይገባ ነበር። የማመልከቻውን ግልባጭም ሳንጠይቅ የሰጠን ሰው አልነበረም፤ ባለጉዳይ በራሱ ስም የገባን ወረቀት ለማየት መለመን የለበትም።

ክፍያው ከከተማው ዋጋ አንጻር ረከስ ያለ አይደለም፤ ነገር ግን በጽሑፍ ውል የታሰረና በሁለት ጊዜ የሚከፈል በመሆኑ በኋላ የመጣ ድንገተኛ ጭማሪ የለም። ውሉን ሲፈርሙ ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ የቢሮው ግዴታ የሚያበቃው ውሳኔው ሲሰጥ ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ጉዲፈቻ በክብር መዝገብ ሊመዘገቡ ከሚገባቸው ኩነቶች አንዱ ሲሆን፣ ይህን ምዝገባ የሚያስፈጽመው ባለጉዳዩ ራሱ ነው። ለዚህም ማኅተም ያረፈበት የውሳኔ ግልባጭ ያስፈልጋል። ከአንድ በላይ ማውጣት ይሻላል፤ ትምህርት ቤቱም ይጠይቃል። ይህን የነገሩን የቢሮው ሰዎች ሳይሆኑ መዝገብ ቤት ወረፋ ላይ ያገኘናቸው አንድ አባት ናቸው።

ከሐረር የሚመጣ ሰው ጠበቃ ከመያዙ በፊት ሊያጣራው የሚገባ ሌላ ነገርም አለ። በፌዴራል ፍርድ ቤት ለመቆም የፌዴራል የጥብቅና ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሐረር ላይ ለዓመታት የቤተሰቡን ጉዳይ የያዘ ጠበቃ የክልል ፈቃድ ብቻ ካለው ድሬዳዋ ላይ ሊወክለው አይችልም። ጠበቃዋ ፈቃዳቸውን ከጠረጴዛቸው ኋላ ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል፤ ማንበብ ይቻላል። ቢሮው ቅዳሜ እስከ ቀትር ክፍት ስለሆነ ከሐረር ለሚመጣ ሠራተኛ ይመቻል፤ ሆኖም ከመነሣትዎ በፊት ደውለው የሚጠይቁት ቢሮው ክፍት መሆኑን ሳይሆን ጠበቃዋ ራሳቸው መኖራቸውን ይሁን። አዛውንት ይዘው የሚሄዱ ከሆነም ሕንፃው አሳንሰር ስለሌለው አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ወርደው ያነጋግራሉ።